ስንት ያወጣል? ይድነቃቸው ተሰማ እና የተጫዋች ዋጋ

ክረምት ገብቶ የዝውውር ወሬ ሲጀመር የአዲስ አበባም ሆነ የክፍለ ሀገር ከተሞች ጨዋታ አንድ ይሆናል። እገሌ ስንት ፈረመ? እገሌስ እውነት ክለቡን ሊለቅ ነው ወይስ ደመወዝ ለማስጨመር ያስወራው ነው? በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም፣ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት፣ በታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስለ ፊርማ ገንዘብ እንሟገታለን። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ በብር ተጀምሮ በብር ያልቃል። ለመሆኑ ልጁ ለቡድኑ ምን አደረገ? ያን ሁሉ ገንዘብ ይገባዋል ለማለትስ በምን እንለካው? ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ተወልጄ ባደግሁበት በምዕራብ ጎጃም እንዲህ ያለው ምርጫ ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ቀንዱንና ሻኛውን ብቻ አይቶ መቀነቱን አይፈታም። ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ከየትኛው ጎን ተጠምዶ እንደለመደ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ቤት ካለው በሬ ጋር አብሮ ይሄድልኝ ይሆን ብሎ ያሰላል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። የቱንም ያህል የደለበ በሬ ብቻውን ሞፈር አይጎትትም። ሰውን ከበሬ ማስተያየቴ አይደለም፤ ገበሬው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እኛ የተማርነው ከምንጠይቃቸው ይሻላሉ ለማለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ተጫዋች ሆነው ጎል አግብተዋል። አሰልጣኝ ሆነው ተጫዋች መርጠዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ ሆነው ደግሞ ማን ለአገሩ ይሰለፍ በሚለው ሕግ ላይ ድምፅ ሰጥተዋል። ጥያቄውን ከሦስቱም ወገን ያየ ሌላ ኢትዮጵያዊ አላውቅም። የእርሳቸውን ሕይወት በዚህ ዓይን እንድናየው የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በድምፃቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። አባት በድምፃቸው፣ ልጅ በእግራቸው ስም አገኙ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽ እና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቡድኑን ወዲያው ተቀላቀሉ። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም ለ23 ዓመታት የጊዮርጊስን ማሊያ ለብሰው ተጫወቱ። በታሪካቸው ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

እስቲ ይህን ቁጥር በዛሬ ዓይን እንየው። በአሥር ጨዋታ ወደ ዘጠኝ ጎል የሚጠጋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አጥቂ ዛሬ ቢገኝ ወኪሎች ደጁን ያጣብቡት ነበር። በዚያ ዘመን ግን እግር ኳስ እንጀራ የሚበላበት ሥራ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን የመንግሥት ወይም የግል ሥራውን ሠርቶ፣ ማታ ማሊያውን ይዞ ሜዳ የሚወርድ ሰው ነበር።

በጎል ብቻ ብንለካቸው ግን ትልቁን ሥራቸውን ከመዝገብ ውጭ እናደርገዋለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ተለያይተው ነበር። ከነፃነት በኋላ የተጀመረው ውድድር ይህን ግንብ አፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1944 በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ከኢትዮጵያውያን ጊዮርጊስ፣ ከጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖች አራራት፣ ከግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ እንዲሁም በአገሪቱ የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ይህ ነገር በፌዴሬሽን መልክ ተደራጅቶ እንዲቆም ከደከሙት ዋነኛው ራሳቸው ይድነቃቸው ነበሩ። ሜዳ ውስጥ ጎል ያገባሉ፤ ከሜዳ ውጭ ደግሞ ጨዋታው የሚካሄድበትን ቤት ይሠራሉ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር፤ አንዳንድ ሰው ያስገባው ገቢ ብቻ ሳይሆን የፈጠረው ሀብትም አብሮ ካልተመዘገበለት ሚዛኑ አይመጣም።

አራት ጎል በአንድ ሰው፣ አራት ጎል በአራት ሰው

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዚህ የተነሳ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ግን መራራ ነበር። ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አድ-ዲባ በሚል ቅጽል የሚታወቀው አንድ አጥቂ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። ተሳታፊዎቹ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ነበሩ። የእኛ ቡድን አሰልጣኝ ይድነቃቸው ናቸው። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው የጠበቀችን ደግሞ በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ያችው ግብፅ ነበረች።

ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ያገባው ባዳዊ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። የእኛ ግን እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያውን አቻ ያደረገው ተክሌ ነው። መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አራተኛውን ጨመሩ። አራት ጎል፣ አራት ሰው። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ አስረከቡት። አገራችን ያን ዋንጫ ያነሳችው እስከ ዛሬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አንድ ሰው የማይተካ ዋጋ የለውም የሚል ካለ አድ-ዲባን ያስታውስ። በአንድ ከሰዓት ብቻውን ፍጻሜ የሚጨርስ ተጫዋች በእርግጥ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ብዙ ቢከፈል አያስቆጭም። ችግሩ እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ለሌላው አብዛኛው ተጫዋች የ1954ቱ ቡድን የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ከአስመራ የመጡት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት፣ የኤርትራዊት እናትና የጣሊያናዊ አባት ልጅ የሆነው አምበል፣ ሁሉም እርስ በርስ የሚያጫውቱ ነበሩ። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ 10 ጎል፣ ሉቺያኖ 8 ጎል አላቸው። ሁለቱም ጎበዝ አጥቂዎች ብቻ ሳይሆኑ ሌላውን የሚያገቡበት ቦታ የሚያደርሱ ነበሩ። እንዲህ ያለው ጥቅም በጎል ዝርዝር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ቡድኑን ሙሉውን ላየ ሰው ነው።

ሁለቱ ወንበሮች

እ.ኤ.አ. በ1965 ካፍ አንድ ደንብ አወጣ። ለአፍሪካ ዋንጫ የሚቀርብ ብሔራዊ ቡድን ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ ማሰለፍ አይችልም የሚል ነበር። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ከካፍ አመራሮች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ደንቡ እስከ 1982 ጸንቶ ቆይቷል።

ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። የአፍሪካ ምርጥ ልጆች እየተለቀሙ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን በብርቱ ይቃወሙ ነበር። ትናንት ከቅኝ ግዛት የወጣች አገር ያሳደገችውን ተጫዋች የአውሮፓ ክለብ ሲወስደው፣ አገሪቱ ልጇን ታጣለች፣ ሜዳዋም ተመልካች ያጣል ብለው ያምኑ ነበር። ገንዘብ የጨዋታው ጌታ እንዳይሆንም ይፈሩ ነበር። በእርሳቸው ዘመን ካፍ ለሲጋራና ለአልኮል ማስታወቂያ በሩን የዘጋውም በዚሁ እምነት ነው። ገንዘቡ የሚያስፈልግ ቢሆንም እንኳ።

ደንቡ ግን ያልታሰበ ውጤት ነበረው። እስቲ ራሳችንን በዚያን ጊዜ አሰልጣኝ ቦታ እናስቀምጥ። በፈረንሳይና በቤልጂየም የሚጫወቱ አምስት ወይም ስድስት ልጆች አሉት እንበል። ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው። ማንን ይጥራ? ብዙ የሚከፈለውን? ብዙ ያገባውን? ወይስ ከአገር ውስጥ ልጆች ጋር ሁለት ቀን ተለማምዶ ቡድኑን የሚለውጠውን? ገንዘብ ሳይነሳ እውነተኛው የዋጋ ጥያቄ የተጠየቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወንበር ሲጠብ ሰው ለመምረጥ ይገደዳል፤ ለመምረጥ ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል።

በአንድ ነገር ግን ከጋሽ ይድነቃቸው ጋር አልስማማም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። ጉልበቱ የሚሸጥበት አሥር ዓመት ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። በዚያ አሥር ዓመት ለልጆቹ የሚሆን ጥሪት ልያዝ ብሎ የሄደውን በብሔራዊ ቡድን ወንበር መቅጣት ፍትሐዊ አልነበረም። እንደ መንግሥቱና ሉቺያኖ ያሉት የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ለአገር የሠሩትን ያህል ከአገር አላገኙም። ሉቺያኖ ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ በዚያው እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈ። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አለፈ። ስማቸው በሁላችን አፍ አለ፤ ያስከፈሉን ግን ጥቂት ነው። ይድነቃቸው ያነሱት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ሸክሙን ያደረጉት ግን በሻጩና በገዢው ላይ ሳይሆን በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ ነገሩ ተገላብጦ እናገኘዋለን። ዛሬ ተጫዋቹ ይከፈለዋል፤ መከፈሉም መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ከስታዲየም መግቢያ የሚገኘው ገቢ ከወጪው ጋር የሚተያይ አይደለም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በውድ ሲፈርም፣ የፈረመለት የክለቡ ሊቀመንበር ቢመስለንም ከፋዩ ግብር ከፋዩ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተመካክረው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ጣሪያው መነጋገሪያ ሆነ። አንዳንዱ የተጫዋቹን መብት ይነካል አለ፤ ሌላው በጓሮ በር የሚወጣ ገንዘብ ይመጣል ብሎ ሰጋ። እኔ የታየኝ ጉድለት ሌላ ነው። ጣሪያ ከምን በላይ እንደማይከፈል ይነግረናል እንጂ ለማን እንደሚከፈል አይነግረንም። ጣሪያ ሲኖር ደግሞ ሁሉም ወደ ጣሪያው መንጠልጠሉ አይቀርም። ጎበዙም መካከለኛውም እኩል ከተከፈላቸው መለኪያው ይጠፋል።

በምዕራብ ጎጃም ከሚገኙት ከተሞች በአንዷ፣ አካባቢው ሰላሙን ሳያጣ በፊት፣ የከተማውን ቡድን በጀት ለመሥራት በሙያዬ እንዳግዝ ተጠርቼ ነበር። በአጀንዳው ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ከሌላ ቦታ የሚመጣ፣ ጎል በማግባት ስም ያተረፈ አጥቂ ነው። ሁለተኛው እዚያው ከገጠሩ ቀበሌ ወጥቶ ያደገ አማካይ ነው። ለአጥቂው የተጠየቀው ገንዘብ ለአማካዩ ከታሰበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር። አጥቂው ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ካገባቸው ጎሎች ስንቱ ፍፁም ቅጣት ምት ነው? ስንቱስ ጨዋታ ያሸነፈ ነው? በስብሰባው ከተቀመጥነው መካከል መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ጥያቄው የሒሳብ ባለሙያ መራቀቅ እንዳይመስልባችሁ። 0 ለ 0 የነበረን ጨዋታ 1 ለ 0 የሚያደርግ ጎል ለቡድኑ ሁለት ተጨማሪ ነጥብ ያመጣል። 3 ለ 0 የነበረውን 4 ለ 0 የሚያደርገው ግን ነጥብ አይጨምርም። በጎል ብዛት ዝርዝር ላይ ግን ሁለቱም እኩል አንድ ጎል ናቸው። ልዩነቱን ያልመዘገበ ክለብ ለሁለቱም እኩል ይከፍላል።

በኋላ አንድ የስፖርት መምህር ደብተሩን ይዞ መጣ። ማን በየትኛው ጨዋታ እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ውጤቱስ ምን እንደነበር በእርሳስ ጽፎ ይዟል። ደብተሩ ላይ አማካዩ ያልተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች አየን፤ ቡድኑ አንዱንም አላሸነፈም። ጥቂት ጨዋታ ስለሆነ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ ይህን እዚያው ተናግሬአለሁ። ቢሆንም ክርክሩ ያን ጊዜ መልኩን ለወጠ። ስለ ስም ማውራት አቁመን ስለ ሥራ ማውራት ጀመርን። በመጨረሻ ለአጥቂው ከሚከፈለው ገንዘብ የተወሰነው በተሰለፈበት ጨዋታ ልክ እንዲሆን፣ ለአማካዩ ደግሞ ረዘም ያለ ውል እንዲሰጠው ተስማማን።

ጎል ያልተቆጠረላቸው ዓመታት

ወደ ይድነቃቸው ልመለስ። ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ያሉትን ዓመታት ስናይ ትልቁ ሥራቸው የመጣው ያኔ መሆኑን እናያለን። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ ስላልሰጠ አህጉሩ ከማጣሪያው ራሱን ሲያገል፣ ከትግሉ መሪዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ለ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ላይ ተሰለፈች። የዘር መድልዎ ሥርዓት ያላት ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ እስክትባረር ድረስም ትግላቸውን አላቆሙም። በ1982 የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። በ1986 ደግሞ ሞሮኮ ከምድቧ አንደኛ ወጥታ ወደ ሁለተኛው ዙር ያለፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ስትሆን ይህን በሕይወት እያሉ አይተዋል።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የተመደበላት ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው። ከዜሮ ወደ ዘጠኝ የሚወስደው መንገድ ሲጠረግ መጀመሪያ ዶማ ካነሱት አንዱ አንድ የአራዳ አጥቂ ነበሩ። ዛሬ በአውሮፓ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ የሚከፈለው አፍሪካዊ ተጫዋች በዓለም ፊት የሚታይበትን መድረክ ካስከፈቱለት መካከል፣ ወደዚያ እንዳይሄድ የተቃወሙት ሰውዬ መኖራቸው የታሪክ ምፀት ነው።

የእኛ የክለብ ኃላፊዎች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ቢወስዱ በቂ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ለተጫዋች መክፈል ነውር አይደለም፤ ሳይመዝኑ መክፈል ግን በሕዝብ ገንዘብ መቆመር ነው። ሁለተኛ፣ ሲመዝኑ ያገባውን ብቻ ሳይሆን ያስገባውን፣ ከጎኑ ያሉትን ምን ያህል እንዳሻሻለና ሲሄድ ለክለቡ ምን ትቶ እንደሚሄድ ይጠይቁ። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ፣ ሐዋሳም ሆነች አዲስ አበባ፣ የከተማ ገንዘብ የሚገኘው ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው ኪስ ነው። እነዚህ ሰዎች ስንት ተከፈለ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ለምን ተከፈለ የሚለውንም የማወቅ መብት አላቸው።

ቸር እንሰንብት።